ሁለቱ ቫዓዳዎች፦ ክነሴት ስለ ልጆች ትምህርት መንግሥትን እንዴት ይጠይቃል?

በብዙዎቻችን ቤት «ቫዓዳ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ደስ አይልም። ትርጉሙ ኮሚቴ ማለት ብቻ ነው፤ ወላጆቻችን ግን ቃሉን የለመዱት ከትምህርት ቤት በመጣ ደብዳቤ ነው። «ልጅሽ ቫዓዳ አላት፣ ረቡዕ ጠዋት ነይ» ይባላል። እናት ከሥራ ቀርታ ትሄዳለች። በጠረጴዛው አንድ ወገን የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ የትምህርት ቤቱ ተወካይና የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ይቀመጣሉ፤ በሌላው ወገን እሷ ብቻዋን። ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፣ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ሌላ ዓይነት ቫዓዳ ግን አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ በክነሴት ሕንፃ ይሰበሰባል፤ እዚያ ተጠያቂው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በመጀመሪያው ቫዓዳ የተወሰነው ነገር ለምን በብዙ ልጆች ላይ እንደ ተደጋገመ መጠየቅ የሚቻለው በሁለተኛው ቫዓዳ ነው። እኛ የመጀመሪያውን በደንብ እናውቀዋለን፣ ሁለተኛውን ግን ብዙም አናውቀውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ የትምህርት ፖሊሲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ብዙውን ጊዜ የማነበው በሃይፋ ታችኛው ከተማ፣ ከወደቡ አጠገብ ባለው ካምፐስ ተቀምጬ ነው፤ የማነበው ደግሞ በአብዛኛው የክነሴት ኮሚቴዎችን ፕሮቶኮል ነው። አሰልቺ ይመስላል አይደል? አንዳንዱ በእርግጥ ያሰለቻል። ግን ስለ እኛ፣ ስለ ክፍላችንና ስለ ወላጆቻችን በስም የተነገረ ብዙ ነገር እዚያ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወደቡ ጀርባ ያለ ታሪክ

ነገሩን ከቅርብ ልጀምር። ከወደቡ ወደ ተራራው ቀና ስትሉ፣ ከታችኛው ከተማ ትንሽ ከፍ ብሎ ዋዲ ሳሊብ የሚባል ሰፈር አለ። ከ1948 ጦርነት በኋላ ዓረብ ነዋሪዎቹ በወጡባቸው ቤቶች ከሰሜን አፍሪካ፣ በተለይም ከሞሮኮ የመጡ አይሁዶች ገቡ። መኖሪያው ጠባብ፣ ሥራው ትንሽ ነበር። በጁላይ 1959 አንድ ፖሊስ የሰፈሩን ነዋሪ ተኩሶ አቆሰለ፤ በማግስቱ ሰፈሩ ለተቃውሞ ወጣ። መንግሥት በዳኛ ሞሼ ዔጽዮኒ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ይህ ኮሚሽን መንግሥት ራሱ የሾመው ነበር። የክነሴት ኮሚቴ ከዚህ ይለያል፤ አባላቱ የሕዝብ ተወካዮች ናቸው፣ ሥራቸውም መንግሥትን መቆጣጠር ነው። ዜና ላይ ሁለቱም «ቫዓዳ» ስለሚባሉ ብዙ ሰው ያደበላልቃቸዋል።

የክነሴት ኮሚቴ በትምህርት ላይ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ ከሰባት ዓመት በኋላ መጣ። በ1966 በክነሴት አባል ኤሊሜሌኽ ሪማልት የሚመራ የፓርላማ ኮሚቴ ተቋቋመ። የተሰጠው ሥራ የአገሪቱን የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አወቃቀር መመርመር ነበር። በዚያን ጊዜ ልጆች 8 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ከዚያ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ይማሩ ነበር። ከምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ አገሮች ከመጡት ቤተሰቦች ልጆች ብዙዎቹ ከስምንተኛ ክፍል አያልፉም ነበር። ኮሚቴው በ1968 ሪፖርቱን አቀረበ፤ ክነሴትም ተቀበለው። አዲሱ አሠራር ስድስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆነ፤ በመሃል ያለው ሦስት ዓመት እናንተ የተማራችሁበት ኻቲቫት ቤናይም ነው። ዓላማው የተለያየ ሰፈር ልጆችን በአንድ ክፍል ማቀላቀል፣ «ኢንቴግራጽያ» የሚባለው ነበር።

ታዲያ ተሳካ? በከፊል። ዛሬም እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ የገቡ ልጆችም በሃካባጻ፣ ማለትም በችሎታ ደረጃ እየተባለ፣ እንደገና በተለያየ ክፍል ተቀመጡ። ከዚህ የምንማረው ኮሚቴ የትምህርት ቤትን ቅርጽ ሊያስለውጥ እንደሚችል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ክትትል እንደሚፈልግ ነው። የቀረውን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ኮሚቴው ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ክነሴት 120 አባላት አሉት። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ጩኸት ያለበትን ትልቁን አዳራሽ ነው፤ ዝርዝሩ ሥራ ግን የሚሠራው በኮሚቴዎቹ ክፍል ነው። ለልጆችና ለትምህርት አራት ኮሚቴዎችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የትምህርት፣ የባህልና የስፖርት ኮሚቴ ነው። ሁለተኛው የዓሊያ፣ የቅሊታና የዲያስፖራ ጉዳይ ኮሚቴ ሲሆን የእኛ ማኅበረሰብ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያ ነው። ሦስተኛው የልጆች መብት ልዩ ኮሚቴ ነው። አራተኛው የመንግሥት ቁጥጥር ኮሚቴ፣ የሜቫኬር ሃምዲናን (የመንግሥት ዋና ተቆጣጣሪን) ሪፖርቶች የሚከታተለው ነው። በአገሪቱ ልማድ ይህን የመጨረሻውን ኮሚቴ የሚመራው ከተቃዋሚ ወገን የሆነ አባል ነው።

አንድ ጉዳይ ወደ ኮሚቴ የሚገባው በተለያየ መንገድ ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ ሊያነሳው ይችላል። የክነሴት አባል በአስቸኳይ አጀንዳ አቅርቦት ትልቁ አዳራሽ ወደ ኮሚቴ ሊመራው ይችላል። ከወላጆች ወይም ከማኅበር የመጣ ደብዳቤም መነሻ ይሆናል። ከዚያ የክነሴት የምርምርና የመረጃ ማዕከል፣ በዕብራይስጥ አጠራሩ «ማማም»፣ ስለ ጉዳዩ ከሚኒስቴሮቹ አኃዝ ጠይቆ ጽሑፍ ያዘጋጃል። በስብሰባው ቀን የሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ ማኅበራትና አንዳንዴም ወላጆችና ተማሪዎች ይጠራሉ።

ሥልጣኑስ? በ2001 የወጣው የመንግሥት መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 42፣ የክነሴት ኮሚቴ ሚኒስትር ፊቱ ቀርቦ እንዲያስረዳ የማስገደድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኛንም በሚኒስትሩ በኩል ወይም በእሱ ዕውቀት መጥራት ይችላል። በ2002 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ረቂቅ ሕግ ሲዘጋጅ በልጆች መብት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንዲታይ ያዛል። እስራኤል የተባበሩት መንግሥታትን የልጆች መብት ስምምነት በ1991 ስላጸደቀች፣ ይህ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም።

አሁን የማይችለውን ልንገራችሁ። ኮሚቴ ሚኒስቴርን «ነገ ይህን መምህር ቅጠር፣ ይህን ክፍል ዝጋ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። በጀት ከኪሱ አያወጣም። ድምዳሜው ምክር ነው። ብዙ ሰው «ክነሴት ተሰበሰቡ፣ አወሩ፣ ተበተኑ፣ ምን ጠቀመ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ድካም በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። የብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴዎችም መንግሥትን አያዙም፤ እዚያ ግን መንግሥት ለኮሚቴ ሪፖርት በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ልማድ አለበት። ጥያቄው ሁሌ ያው ነው፦ ከስብሰባው በኋላ ማን ይከታተላል?

ወደቡ አጠገብ ስለምቀመጥ ነገሩን በመርከብ ልመስለው። እያንዳንዱ መርከብ የጭነት ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ «በዚህ ኮንቴይነር ይህን ያህል ዕቃ አለ» ይላል። ጉምሩክ ወረቀቱን አይቶ ሁሉንም ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ከኮንቴይነሮቹ መርጦ አንዳንዱን ያስከፍታል። የመንግሥት ውሳኔ የጭነት ዝርዝሩ ነው፤ «ለኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች ይህን ያህል የድጋፍ ሰዓት» ይላል። ክፍል ውስጥ የደረሰው ሰዓት ኮንቴይነሩ ነው። የኮሚቴ ሥራ «ክፈቱት፣ እንየው» ማለት ነው። ዕቃውን ራሱ አይጭንም፣ ወረቀቱና ዕቃው መለያየታቸውን ግን በአደባባይ ያሳያል።

ወረቀቱና ክፍሉ፦ የፔታህ ቲክቫ ጉዳይ

በ2000 የተማሪዎች መብት ሕግ ወጣ። አንቀጽ 5ን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል። የአካባቢው የትምህርት ባለሥልጣንም ሆነ ትምህርት ቤት በትውልድ ማኅበረሰብ፣ በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ተማሪን እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ኋላ ላይ የጾታ ዝንባሌና ማንነትም ተጨምሯል። ክልከላው አራት ነገር ይሸፍናል፦ ምዝገባን፣ መቀበልንና ማስወጣትን፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተለየ የትምህርት ፕሮግራምን፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተለየ ክፍልን፤ የተማሪዎችን መብትና ግዴታ። ጥሶ የተገኘ እስከ 12 ወር እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። ወረቀቱ ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ሕጉ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2007 መጨረሻ፣ በፔታህ ቲክቫ በአንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አራት የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ተለይተው፣ ለብቻቸው ክፍል፣ በአንዲት መምህርት እየተማሩ እንደሆነ ጋዜጦች አወጡ። የእረፍታቸው ሰዓት እንኳ የተለየ ነበር። በ2009 የትምህርት ዓመት መግቢያ ላይ ደግሞ እዚያው ከተማ የሚገኙ፣ ከመንግሥት በጀት የሚያገኙ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች 100 ገደማ የሚሆኑ የማኅበረሰባችንን ልጆች አንቀበልም አሉ። ትምህርት ሚኒስቴር በጀታቸውን እንደሚቆርጥ አስጠነቀቀ፤ በስምምነት ልጆቹ እንዲከፋፈሉ ተደረገ። በ2011 ደግሞ ተማሪዎቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለ ነበሩት ኔር ዔጽዮን ትምህርት ቤት ወላጆች ሰልፍ ወጡ፤ ልጆቻችን ለብቻቸው እንዲማሩ አንፈልግም አሉ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተበተኑ።

ጉዳዩ በክነሴት ኮሚቴዎች ተነስቷል፤ ሚኒስቴሩም ተጠይቋል። እኔ ግን ሦስቱን ዓመታት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የማየው አንድ ነገር አለ። በ2007 ጥያቄው «ለምን ለዩአቸው?» ነበር፤ በ2009 «ለምን አልተቀበሏቸውም?»፤ በ2011 «ለምን ሁሉም አንድ ቦታ ሆኑ?»። ሦስቱም የአንድ ችግር ሦስት መልኮች ናቸው፦ ልጆቹ የት እንደሚመዘገቡ የሚወስነው ማነው? ለእያንዳንዱ እሳት መልስ ተሰጠ፤ እሳቱን የሚያቀጣጥለው የምዝገባ አሠራር ግን በየዓመቱ በመስከረም እንደ አዲስ ተነሳ። ጋዜጣ የሚሄደው ጭሱ ወዳለበት ነው፤ ኮሚቴ ግን ጭሱ ከጠፋ በኋላ፣ በየካቲትም ቢሆን፣ «ለመጪው ዓመት ምዝገባ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።

ሰልፉ ኋላ ላይ ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገረ። በ2015 ሆሎን ውስጥ ፖሊሶች አንድ የማኅበረሰባችንን ወታደር ሲደበድቡ በካሜራ ከታዩ በኋላ አገሪቱ ታመሰች። መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ቡድን አቋቋመ፤ በ2016 ትምህርትንም የሚነኩ 53 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ዘረኝነትን ለመከላከል በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው ክፍል የመጣው ከዚህ ነው፤ አድልዎ የደረሰበት ተማሪም አቤት ሊልበት ይችላል። ይህም ቡድን፣ እንደ ዔጽዮኒ ኮሚሽን፣ የመንግሥት እንጂ የክነሴት አልነበረም። ከ53ቱ ስንቱ እንደ ተፈጸመ እየደጋገመ መጠየቅ ግን የክነሴት ኮሚቴዎች ሥራ ነው።

የልዩ ትምህርት ጉዳይ

አሁን ወደ መጀመሪያው ቫዓዳ፣ እናቶቻችን ወደሚፈሩት፣ ልመለስ። በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ አንድ ልጅ ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስን ኮሚቴ አቋቋመ፤ «ቫዓዳት ሃሳማ» ይባል ነበር። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የእኛ ልጆች ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት እየተላኩ መሆኑ በክነሴት ተደጋግሞ ተነሳ። ዋናው ምክንያት ፈተናው ነበር። ዕብራይስጥ ገና የሚማር፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ በዕብራይስጥ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ፣ ፈተናው የሚለካው ቋንቋውን ነው ወይስ አእምሮውን? ኢየሩሳሌም ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሬውቬን ፎየርሽታይን በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን በሌላ ዘዴ ይመረምሩ ነበር፦ መጀመሪያ አስተምር፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተማረ እይ። ልጁ ዛሬ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን መማር የሚችለውን መለካት ነው ሐሳቡ።

እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስለ ታናሽ እህቴ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። የቤታችን አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ደብዳቤው «ኢቭኹን» ይላል፤ በአማርኛ ያለን ቃል «ምርመራ» ነው። እማዬ ስትሰማ «ምኗን አሟት ነው?» አለች። ማንም አልዋሻትም፣ ማንም አልሰደባትም። ግን ፊርማዋን የተጠየቀችበትን ነገር ከዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ነው የሰማችው። ከእናንተም ስንቶቻችሁ እንዲህ ተርጉማችኋል?

ሕጉ በ2018 ተሻሽሏል። ኮሚቴው አሁን «ቫዓዳት ዛካኡት ቬኢፍዩን» ይባላል፤ የልጁን መብትና የሚያስፈልገውን ድጋፍ ይወስናል፤ የትምህርት ቤቱን ዓይነት የመምረጥ መብት ግን በመሠረቱ የወላጆች ሆኗል። ወላጆች በኮሚቴው ፊት የመቅረብና ሐሳባቸውን የማሰማት፣ በውሳኔው ካልተስማሙም ይግባኝ የማለት መብት አላቸው። ይህን ለውጥ ያመጣው ረቂቅ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ የተከራከሩበት በክነሴት የትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ነው። አያችሁ? በሁለተኛው ቫዓዳ የተነገረው፣ በመጀመሪያው ቫዓዳ እናት የምትቀመጥበትን ወንበር ለወጠው። ግን የመምረጥ መብት ዋጋ የሚኖረው ምርጫውን በሚገባት ቋንቋ ለሰማች እናት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሊጠይቀው የሚገባ ቀላል ጥያቄ አለ፦ በስንቱ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ወይም ሜጋሼር ነበረ?

ቁጥሩን ማን ይቆጥራል?

ኮሚቴ ፊት ትልቁ መሣሪያ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አጠያየቁ ላይ ይወሰናል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ባግሩት ነው። አንድ ባለሥልጣን «የባግሩት ምስክር ወረቀት የሚያገኙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ቁጥር እየጨመረ፣ ልዩነቱም እየጠበበ ነው» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሌላም መለኪያ አለው፦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መስፈርትን የሚያሟላ ባግሩት። ለዚያ ቢያንስ 3 ዩኒት ሒሳብ፣ 4 ዩኒት እንግሊዝኛና ሌላ አንድ ከፍ ያለ ትምህርት ያስፈልጋል። በዚህ መለኪያ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ይሰፋል። በ3 ዩኒት እንግሊዝኛ የጨረሰ ልጅ ምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ የዩኒቨርሲቲው በር ግን ይዘጋበታል። ስለዚህ ኮሚቴ ውስጥ «ባግሩት» የሚል ቁጥር ሲነገር፣ «የትኛው ባግሩት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ እኛን ራሳችንን ይነካል። በ2022 መጨረሻ የኢትዮጵያ ተወላጆች ቁጥር ወደ 168,800 እንደሆነ ቢሮው አስታውቋል። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት አቆጣጠር «የኢትዮጵያ ተወላጅ» የሚባለው ኢትዮጵያ የተወለደ፣ ወይም እዚህ ተወልዶ አባቱ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። እስቲ አስቡት። እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ ወንዶች፣ ነገ የምትወልዱት ልጅ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። አንዳንዱ «እሰየው፣ እስራኤላዊ ብቻ ይሁን» ይላል፤ ገባኝ። ሌላው «ልጄ በትምህርት ቤት በር ላይ በመልኩ ቢመለስስ፣ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ይታያል?» ይላል። ይኸም ገባኝ። እኔ እስከ አሁን የማምነው፣ አድልዎ እስካለ ድረስ መቆጠር ያስፈልጋል፤ ያልተቆጠረን ነገር ኮሚቴ ሊጠይቅበት አይችልምና።

ይኸው ክርክር በበጀቱም አለ። በ2015 እና በ2016 መንግሥት «ደሬኽ ኻዳሻ» (አዲስ መንገድ) የተባለውን ፖሊሲ ሲያወጣ ሐሳቡ ለእኛ ለብቻ ከሚሠሩ ፕሮግራሞች ወደ ሁሉም ዜጋ ወደሚጠቀምባቸው አገልግሎቶች መሄድ ነበር። ለብቻ መለየትን የሚጠላ ሁሉ ይህን ይደግፋል፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ ከአጠቃላይ በጀት ጋር ሲቀላቀል ለመከታተል ይከብዳል። የተለየ ፕሮግራም ስም ያስቀራል፣ ገንዘቡ ግን ይታያል፤ አጠቃላይ ፕሮግራም ክብር ይሰጣል፣ ገንዘቡ ግን ይሰወራል። ሁለቱን ለማስታረቅ ያለው መንገድ፣ አገልግሎቱ የጋራ ሆኖ ሪፖርቱ ዝርዝር እንዲሆን ማድረግ ነው።

ኮሚቴው የሚደክመው መቼ ነው?

ሦስት ድካሞች አሉ። አንደኛው፣ አብዛኛዎቹ ሊቀመንበሮች ከመንግሥት ጥምረት ናቸው። የራስን ወገን ሚኒስትር ማፋጠጥ ለማንም ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 አገሪቱ አምስት ጊዜ መረጠች። ክነሴት በተበተነ ቁጥር የተጀመረ ክትትል ይቋረጣል፣ የተገባ ቃል ባለቤት ያጣል። በጁን 30 ቀን 2019 እዚሁ ሃይፋ፣ ኪሪያት ኻይም ውስጥ፣ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ እናንተና ታላላቆቻችሁ መንገድ ላይ ወጣችሁ። በዚያች ሰዓት ክነሴት ራሱን ከበተነ አንድ ወር ሆኖት ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ሳምንታትም መደበኛዎቹ ኮሚቴዎች ገና አልተቋቋሙም ነበር። ከዋዲ ሳሊብ 60 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ከተማ፣ ወጣቱ ሲጮኽ ሥራዬ ብሎ የሚያዳምጠው የትምህርት ኮሚቴ አልነበረም።

ሦስተኛው ድካም የእኛው መቅረት ነው። ከማኅበረሰባችን አዲሱ መሰለ በ1996 ክነሴት ከገቡ ወዲህ ሌሎችም ገብተዋል። አብርሃም ንጉሤ ከ2015 እስከ 2019 የዓሊያና የቅሊታ ኮሚቴውን መርተዋል፤ በ2013 የገቡት ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ሆነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ የክነሴት አባል በአንድ ጠዋት ሦስት ኮሚቴ አለበት። እያንዳንዱን ቃል ኪዳን መዝግቦ፣ ከስድስት ወር በኋላ «ያልከው የት ደረሰ?» የሚል ከውጭ ያለ ሰው ካልኖረ፣ ቃሉ ይረሳል። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይሉ የለ አባቶቻችን? ኮሚቴው ጽሑፉን ትቶልናል፤ ወራሽ ነው የጎደለው።

ፕሮቶኮል እንዴት ይነበባል?

የኮሚቴ ስብሰባዎች በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በክነሴት ድረ ገጽ ይተላለፋሉ፣ ፕሮቶኮላቸውም እዚያው ይቀመጣል። ዕብራይስጡ ለእናንተ የአፍ መፍቻ ነው፤ ወላጆቻችን ያልነበራቸው ቁልፍ በእጃችሁ አለ። እኔ የማነብበት መንገድ ይህ ነው።

1. መጀመሪያ የተገኙትን ዝርዝር እዩ። ሚኒስቴሩ ማንን ላከ? የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ሲመጣ ጉዳዩ ክብደት አግኝቷል ማለት ነው። ከማኅበረሰቡ ወላጅ ወይም ተማሪ ተጠርቷል?

2. ግሦቹን ተከታተሉ። «እንመረምራለን»፣ «እናየዋለን»፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚሉትን በአንድ በኩል ጻፉ። «እስከዚህ ቀን እናቀርባለን» የሚለውን በሌላ በኩል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዝርዝር አጭር ነው፤ ውድ የሆነውም እሱ ነው።

3. ቁጥር ሲነገር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከስንት? በየትኛው ዓመት? «የኢትዮጵያ ተወላጅ» የተባለው ማን ነው?

4. መጨረሻ ላይ የሊቀመንበሩን ማጠቃለያ፣ «ሲኩም» የሚባለውን አንብቡ። ኮሚቴው ምን ጠየቀ፣ ለመቼ ጠየቀ?

5. ከዚያ «ዲዩን ማዓካቭ»፣ የክትትል ስብሰባ፣ ተደርጎ እንደሆነ ፈልጉ። ካልተደረገ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ የስብሰባውን ቀን፣ የተገባውን ቃል፣ «ምን ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስድብም ልመናም አያስፈልገውም።

በስብሰባ መናገር የምትፈልጉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ጻፉ። ዕድሉ ሲሰጣችሁ የሚኖራችሁ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። የማኅበረሰቡን ታሪክ በሙሉ በሦስት ደቂቃ ልንገር ያለ ሰው፣ ሁሉም አዝኖለት ምንም ሳያገኝ ይመለሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያነበባችሁትን ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ንገሯቸው። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ብዙ የተወራው ስለ እነሱ ነው፤ ምን እንደተባለ የነገራቸው ግን የለም። በልጅነታችን የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ለእነሱ ተርጉመናል። አሁን ደግሞ የእነሱን ጥያቄ ወስደን ለሚኒስቴሩ የምንተረጉምበት ዕድሜ ላይ ደርሰናል፤ የመጪው ዓመት ምዝገባ ሳይጀመር በፊት ብናደርገው ይሻላል።